መድኃኒት የልብን ኤሌክትሪክ ሲነካ፦ ከቄራ በመጣ የበግ ልብ ላይ እንዴት እንለካለን?

ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ለካላዛር ይወጋል። ቤዳኩዊሊንና ሞክሲፍሎክሳሲን መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ይሰጣሉ፤ ሃሎፔሪዶል ደግሞ ለአእምሮ ሕመም ይታዘዛል። የሚያክሙት በሽታ ለየቅል ቢሆንም በልብ ላይ ግን የሚያገናኛቸው ነገር አለ፤ ሁሉም በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ምርመራ) ላይ ኪውቲ የሚባለውን ክፍተት ሊያስረዝሙ ይችላሉ። ኪውቲ ረዘመ ማለት የታችኛው የልብ ክፍል ጡንቻ ከመታ በኋላ ወደ ኤሌክትሪካዊ እረፍቱ የሚመለስበት ጊዜ ዘገየ ማለት ነው። መዘግየቱ ከልክ ሲያልፍ ቶርሳድ የሚባለው የምት መዛባት ይነሳል፤ ይህ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ተርፈናዲን የተባለው የአለርጂ መድኃኒትና ሲሳፕራይድ የተባለው የሆድ መድኃኒት ከብዙ አገሮች ገበያ የወጡት በዚሁ ጠንቅ ነው።

ይህን ጠንቅ መድኃኒቱ ታማሚ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእንስሳ የልብ ሥጋ ላይ ማየት ይቻላል። መመሪያውን የጻፍኩት በጥቁር አንበሳ፣ በአራት ኪሎና በአካባቢው ፋርማኮሎጂና ፊዚዮሎጂ ለሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው። ከሁሉ በፊት ልብ በሉልኝ የምለው ይህን ነው፦ ሙቀቱ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ)፣ ኦክስጅኑ፣ ፖታሲየሙና የምቱ ፍጥነት ካልጸኑ፣ ያያችሁት ለውጥ የመድኃኒቱ መሆኑን ማረጋገጥ አትችሉም። ከታች ከተጻፈው የሚበዛው እነዚህን አምስቱን ስለመያዝ ነው።

ለምን የበግ ልብ?

በከተማችን የእንስሳት ቤቶች በቀላሉ የሚገኘው አይጥ ነው። ለዚህ ጥያቄ ግን አይጥ አይሆንም። የትንሿ የላብራቶሪ አይጥ ልብ በደቂቃ ከ500 እስከ 600፣ የትልቋ ከ300 እስከ 400 ጊዜ ይመታል። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ልብ አክሽን ፖቴንሻሉ (በእያንዳንዱ ምት የሴሉ ቮልቴጅ ወጥቶ የሚመለስበት መስመር) አጭርና ሹል ነው፤ በሰው ልብ ላይ የምናውቀው ረጅም ጠፍጣፋ መሃል የለውም። ኪውቲን የሚያስረዝሙት መድኃኒቶች አብዛኞቹ የሚዘጉት ኸርግ የሚባለውን የፖታሲየም ቻናል (ፖታሲየም ከሴል የሚወጣበትን በር) ነው፤ በአዋቂ አይጥ ልብ ውስጥ የዚህ ቻናል ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በአይጥ ልብ ላይ ሞክሮ «መድኃኒቱ ኪውቲን አልነካም» ብሎ የጻፈ ተማሪ የተናገረው ስለ አይጥ እንጂ ስለ መድኃኒቱ አይደለም።

ጊኒ ፒግና ጥንቸል ጥሩ ምርጫ ናቸው፤ ካገኛችሁ ተጠቀሙባቸው። እኔ ግን ለአዲስ አበባ የምመክረው የበግን የፑርኪንጄ ክር ነው። እነዚህ ክሮች ኤሌክትሪኩን ለታችኛው የልብ ክፍል የሚያዳርሱ ልዩ ሴሎች ናቸው። በበግ ልብ ውስጥ በዓይን ይታያሉ፣ አክሽን ፖቴንሻላቸው ረጅም ነው፣ ኸርግን ለሚዘጉ መድኃኒቶችም ስሜታቸው ከፍተኛ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ በጉ ለሥጋ የታረደ ስለሆነ ለሙከራው ተብሎ የሚሞት እንስሳ የለም። ሳይንቲስቶቹ ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 «መተካት፣ መቀነስ፣ ማሻሻል» ብለው ላስቀመጡት መርህ ከዚህ የቀረበ መንገድ በእጃችን የለም። ይህ ሲባል የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይቅር ማለት አይደለም፤ ሥጋው ከየት እንደሚመጣ ጽፋችሁ አስፈቅዱ፣ ለቄራውም የትብብር ደብዳቤ ያዙ።

የምትለኩት ምንድን ነው?

በእረፍት ላይ ያለ የፑርኪንጄ ሴል ውስጡ ከውጭው አንጻር ወደ −90 ሚሊቮልት ይጠጋል። ሲነሳ ሶዲየም በቅጽበት ይገባና ቮልቴጁ ሽቅብ ይወረወራል፤ ይህ ዜሮኛው ምዕራፍ ነው። ጥቂት ዝቅ ብሎ ካልሲየም ሲገባ ጠፍጣፋው መሃል፣ ማለትም ሁለተኛው ምዕራፍ ይፈጠራል። ከዚያ በኸርግና በሌሎች ቻናሎች ፖታሲየም ሲወጣ ቮልቴጁ ወደ እረፍቱ ይመለሳል፤ ይህ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው።

ከዚህ የቮልቴጅ መስመር አምስት ቁጥሮች ታወጣላችሁ፦ የእረፍት ቮልቴጅ፣ ጠቅላላ ቁመት፣ የዜሮኛው ምዕራፍ ከፍተኛ ፍጥነት በቮልት በሰከንድ፣ መስመሩ ከቁመቱ 50 በመቶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ (ኤፒዲ 50) እና 90 በመቶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ (ኤፒዲ 90)።

ፈሳሹ፦ መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ሥራ ሳይታወቅ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የተለመደው የላብራቶሪ አሠራር 25 ሚሊሞላር ባይካርቦኔት ያለበትን ፈሳሽ በ95 በመቶ ኦክስጅንና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማናፈስ ነው። በባሕር ወለል ከ760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የአየር ግፊት ላይ የውኃው ትነት 47 ሲቀነስ የሚቀረው 713 ነው። የዚህ 5 በመቶ 36 ገደማ ሲሆን ፒኤቹም 7.4 እና 7.5 መካከል ይውላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊታችን ወደ 575 ሚሊሜትር ይጠጋል። 47 ሲቀነስ 528፣ የዚህም 5 በመቶ 26 ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈው 5 በመቶ ያው ሆኖ ሳለ ፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ፒኤቹም ወደ 7.6 ይወጣል። ፒኤች ሲለወጥ የፖታሲየምና የካልሲየም ቻናሎች ባህርይ ይለወጣል፣ ብዙ መድኃኒቶች ደካማ ቤዝ ስለሆኑም ወደ ሴል የሚገባው መጠናቸው ይቀየራል። የውጭ አገርን የምግብ አዘገጃጀት የመሰለ ዝርዝር እንዳለ ገልብጦ መሥራት እዚህ ከተማ አያዋጣም።

ሁለት መፍትሔ አለ። በባይካርቦኔት መሥራት የፈለገ መጠኑን ከ25 ወደ 18.5 ሚሊሞላር ገደማ ዝቅ አድርጎ የጎደለውን ሶዲየም በጨው ይተካ፤ ከዚያ ፒኤቹን በሚሠራበት ሙቀት ይለካ። ለጀማሪ የምመክረው ግን ሄፔስ የተባለውን፣ ፒኤችን የሚያጸና ኬሚካል ነው። ሄፔስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይጠይቅም፤ ንጹሕ የሕክምና ኦክስጅን ይበቃዋል። ለ1 ሊትር የተጣራ ውኃ ሶዲየም ክሎራይድ 8.01 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.30፣ ስድስት ውኃ ያለው ማግኒዚየም ክሎራይድ 0.20፣ ሄፔስ 2.38፣ ግሉኮስ 1.80፣ ሁለት ውኃ ያለው ካልሲየም ክሎራይድ 0.265 ግራም ይበቃል። ይህ ፖታሲየሙን 4፣ ካልሲየሙን 1.8 ሚሊሞላር ያደርገዋል። ፒኤቹን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 7.4 ላይ አቁሙት።

ፒኤቹን ስታስተካክሉ ግን ፈሳሹ 37 ዲግሪ ላይ ይሁን። የሄፔስ ፒኤች ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በ0.014 ገደማ ይወርዳል። 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 7.4 ያላችሁት ፈሳሽ 37 ሲደርስ ወደ 7.16 ወርዶ ታገኙታላችሁ። በባይካርቦኔት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ካልሲየሙን ፈሳሹ በጋዙ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ በመጨረሻ ጨምሩ፤ አለበለዚያ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል።

የቧንቧ ውኃ በምንም ሰበብ አትጠቀሙ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ፈሳሹ በለንደን የቧንቧ ውኃ ሲዘጋጅ የእንቁራሪት ልብ ለሰዓታት ይመታ ነበር፤ በተጣራ ውኃ ሲዘጋጅ ግን ምቱ እየደከመ ይቆም ነበር። ልዩነቱ በቧንቧው ውኃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነበር። የልብ ምት ካልሲየም እንደሚፈልግ ዓለም ያወቀው በዚህ ነው። ምን ያህል እንደጨመራችሁ የማታውቁት ካልሲየም ግን ለእናንተ ሙከራ ጠላት ነው።

ቄራ

ቀኑን በጾም አቆጣጠር ምረጡ። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በሁዳዴ፣ የሚታረደው ከብት ቁጥር ስለሚቀንስ ለሥራችሁ ሌላ ጊዜ ያዙ። የእርዱን ሰዓት ከሠራተኞቹ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሥጋ መርማሪው ጥገኛ ትል ለመፈለግ ልብን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ከእሱም ጋር መስማማት ያስፈልጋል። «ጋሼ፣ መርምረው ከጨረሱ በኋላ ግራ ጎኑ ያልተነካውን ይስጡኝ» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ምን እንደምትሠሩ ሁለት ደቂቃ ብታስረዷቸው በሚቀጥለው ጊዜ ልቡን ለይተው የሚያቆዩላችሁ እነሱ ናቸው።

በበረዶ ከረጢት የቀዘቀዘ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ኦክስጅን በደንብ የተናፈሰበት ፈሳሽ በክዳን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ልቡ ከደረት እንደወጣ በሁለት ሦስት ዕቃ ፈሳሽ እያለቀለቃችሁ ደሙን አውጡ፤ የረጋ ደም ሥጋውን ያፍነዋል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እንዲሰጥም አድርጋችሁ ክደኑት። ከቄራ በሜክሲኮ በኩል ጥቁር አንበሳ ለመድረስ መንገዱ አጭር ነው፤ የሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ ከወጣችሁ ግን መጨናነቁ ጊዜያችሁን ይበላዋል። የፑርኪንጄ ክር የኦክስጅን እጥረትን ከተራው የልብ ጡንቻ በተሻለ ይችላል፤ ቢሆንም ልቡ ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ግቡ።

ልቡን ቀዝቃዛ ፈሳሽ ባለበት ሳህን ውስጥ አስተኝታችሁ ግራውን ክፍል በመቀስ ክፈቱ። ግድግዳዎቹን በቀስታ ስታላቅቁ ከመካከለኛው ግድግዳ ተነስተው በባዶው ቦታ ላይ ተንጠልጥለው ወደ ሥጋዊዎቹ ምሰሶዎች የሚሻገሩ ነጣ ያሉ ቀጫጭን ክሮች ይታያሉ። የምትፈልጉት እነዚህን ነው። ከቫልቭ ጋር ከተያያዙት ጅማቶች አታምታቷቸው፤ ጅማቱ ያብረቀርቃል፣ ሲነካም ድርቅ ይላል፣ የፑርኪንጄው ክር ግን ለስላሳና ፈዘዝ ያለ ነው። በሁለቱም ጫፍ ጥቂት ሥጋ አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ በቆንጥጫ የምትይዙት ያንን ሥጋ ብቻ ነው። ክሩ ራሱ ከተቆነጠጠ ወይም ከተሳበ አለቀለት፣ ሌላ ፈልጉ። ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ምረጡ። በእኛ ከፍታ ንጹሕ ኦክስጅን እንኳ ሲናፈስ የሚሰጠው ግፊት በባሕር ወለል ከሚሰጠው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ የወፍራም ክር እምብርት ይታፈናል።

ክሩን ማሰርና መቀስቀስ

ክሩን በመለኪያው ገንዳ ወለል ላይ፣ ጫፉ ላይ በቀረው ሥጋ በኩል በቀጫጭን ስፒሎች አስሩት። ፈሳሹ ያለማቋረጥ ይፍሰስ። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው ክሩ አጠገብ ነው። የውኃ ማሞቂያው ሰሌዳ 37 ቢያሳይም፣ በሐምሌ ጠዋት ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ ሲጓዝ ብዙ ዲግሪ ሊያጣ ይችላል። ሙቀት ሲወርድ አክሽን ፖቴንሻሉ ይረዝማል። ጠዋት ላይ የተለካው መነሻና ቀትር ላይ የተለካው የመድኃኒት ውጤት ቢነጻጸሩ፣ ክፍሉ መሞቁ ብቻ «መድኃኒቱ አሳጠረ» ሊያሰኝ ይችላል። ቱቦውን አሳጥሩ፣ በስፖንጅ ጠቅልሉት፣ ሙቀቱንም በየ10 ደቂቃው መዝግቡ።

በሁለት የፕላቲነም ሽቦዎች 1 ሚሊሰከንድ የሚረዝም ምት ስጡ፤ ጉልበቱ ክሩን ለመቀስቀስ ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን ሁለት እጥፍ ይሁን። መደበኛው ፍጥነት በሰከንድ 1 ጊዜ ነው። ከዚያ ሳትቸኩሉ ቢያንስ 1 ሰዓት ጠብቁ። በቅዝቃዜና በመቀስ የተጎሳቆለ ሥጋ ተረጋግቶ ወደ ራሱ የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው።

የብርጭቆው ማይክሮኤሌክትሮድ

በመጎተቻ መሣሪያ የተሳበ፣ በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ የተሞላ፣ ተቃውሞው ከ10 እስከ 25 ሜጋኦም የሆነ ማይክሮኤሌክትሮድ (ሴል ውስጥ ገብቶ ቮልቴጁን የሚለካ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ) ይሻላል። ውስጡ የሚገባው የብር ሽቦ ክሎራይድ መልበስ አለበት፤ ለዚህ ውድ ነገር አያስፈልግም። ሽቦውን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አንጽታችሁ ከሱቅ በተገዛ በረኪና ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ብትነክሩት፣ ከነጭ ብርነቱ ወደ ጥቁር ግራጫ ይለወጣል። አንዱ ቦታ ነጭ ሆኖ ከቀረ በጣት ተነክቷል ማለት ነው፤ እንደገና አንጹና ንከሩት። ያልተስተካከለ ሽቦ ቮልቴጁን ቀስ እያለ ያንሸራትተዋል፣ እናንተም የእረፍት ቮልቴጅ ተለወጠ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ።

ጫፉን ወደ ክሩ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱና አምፕሊፋየሩን በጣት ጫፍ መታ አድርጉ። ከገባ መስመሩ በአንድ ጊዜ ከዜሮ ወደ −80 እና −90 መካከል ይወርዳል፤ በቀስታ እየተንሸራተተ የሚወርድ መስመር የተቀደደ ሴል ምልክት ነው። የእረፍት ቮልቴጁ ከ−80 የላላ፣ ቁመቱም ከ110 ሚሊቮልት ያነሰ ከሆነ አትቀበሉት። ሙሉውን ሙከራ በአንድ ሴል ውስጥ ሳይወጡ መጨረስ ከሁሉ የተሻለ ነው። ከወጣ እዚያው አጠገብ እንደገና ግቡና መውጣቱን ጻፉ።

የእኛ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ነው፤ ጩኸቱም (በልኬቱ ላይ የሚደረበው የኤሌክትሪክ ረብሻ) ከጣሪያ አምፖሉና ከውኃ ማሞቂያው ይመጣል። ከምናለሽ ተራ በተገዛ የብረት ወንፊት ጠረጴዛውን የሚከልል ሳጥን አሠርታችሁ ሁሉንም መሣሪያ በአንድ ነጥብ ላይ መሬት አስይዙ። ጩኸቱን በማጣሪያ ቁልፍ ለማጥፋት አትሞክሩ፤ ማጣሪያው ዜሮኛውን ምዕራፍ ያበላሸዋል። ኮምፒውተሩ በሰከንድ ቢያንስ 20,000፣ ከተቻለ 50,000 ናሙና ይውሰድ። ለኢሲጂ ትምህርት የተሠሩ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ በሰከንድ 1,000 ገደማ ብቻ ይወስዳሉ። የፑርኪንጄ ሽቅብታ ደግሞ ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ሙሉው ምዕራፍ በሁለት ነጥቦች መካከል ወድቆ ይጠፋል። አምፕሊፋየሩንና ኮምፒውተሩን በዩፒኤስ ላይ ስኩ። መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ከቆመ ያን ክር ትታችሁ ሌላ ጀምሩ።

መድኃኒቱን መስጠት

መጠኑን የምትመርጡት ከሰው ደም ተነስታችሁ ነው። ሞክሲፍሎክሳሲንን እንውሰድ። 400 ሚሊግራም የዋጠ ሰው በደሙ ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠን 4 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ነው። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 401 ስለሆነ ይህ 10 ማይክሮሞላር ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ከ30 እስከ 50 በመቶው ከደም ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ፣ ነጻ ሆኖ ልብን የሚያገኘው ከ5 እስከ 7 ማይክሮሞላር ነው። ገንዳችሁ ውስጥ ፕሮቲን ስለሌለ የምትሰጡት ሁሉ ነጻ ነው፤ ስለዚህ 3፣ 10፣ 30 እና 100 ማይክሮሞላር ብትሰጡ ከታማሚው መጠን ጀምራችሁ እስከ ብዙ እጥፉ ታያላችሁ። ለደኅንነት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኸርግን በግማሽ የሚዘጋው መጠን ከነጻው የደም መጠን ቢያንስ 30 እጥፍ እንዲበልጥ ነው።

ከፋርማሲ የተገዛ መርፌ ከመጠቀማችሁ በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቡ። ለጥርስ ሕክምና የሚሸጠው ሊዶኬይን ብዙ ጊዜ አድሬናሊን አለበት። የአሚዮዳሮን መርፌ ማሟሚያው ፖሊሶርቤት 80 ነው፣ እሱም በራሱ ልብን ይነካል። ንጹሕ ዱቄት ማግኘት ካልቻላችሁ የማሟሚያውን ውጤት ለብቻው ለኩ። ዲኤምኤስኦ በተባለው ማሟሚያ ካሟማችሁ ገንዳው ውስጥ ከ0.1 በመቶ አይለፍ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። 30 ደቂቃ መነሻ ለኩ፤ በዚህ ጊዜ ኤፒዲ 90 ከ5 በመቶ በላይ ከተንሸራተተ ክሩን ለውጡ። ቀጥሎ 30 ደቂቃ ማሟሚያውን ብቻ ስጡ። ከዚያ መድኃኒቱን ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ በየ30 ደቂቃው አሳድጉ። በእያንዳንዱ መጠን ማብቂያ ላይ ፍጥነቱን በ3 ሰከንድ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ በሰከንድ 2 ጊዜ አድርጋችሁ በየፍጥነቱ 3 ደቂቃ ቆዩና ወደ 1 ተመለሱ። የመጨረሻው መጠን ሲያበቃ 1 ሰዓት እጠቡ። በሌላ ክር ላይ ለዚያው ያህል ሰዓት ማሟሚያውን ብቻ ስጡ፤ ምንም ሳይሰጠውም ክር ከሰዓት ሰዓት ይለወጣልና። በየሙከራ ቀኑ ደግሞ አንድ ክር ላይ ኸርግን በመዝጋት የሚታወቀውን ሶታሎል 30 ማይክሮሞላር ሞክሩ። ሶታሎል ኤፒዲ 90ን ካላስረዘመ ያን ቀን የለካችሁት ሌላ ነገርም አይታመንም። ጠርሙሶቹን ባልደረባችሁ በኮድ ይሰይማቸው፤ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ሳታውቁ ለኩ።

የአገር ባህል መድኃኒት ለምትሞክሩ

በአዲስ አበባ ከሚሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ የዕፅዋት ጭማቂ ስለሚፈትኑ ይህን ለብቻው ማንሳት ይገባኛል። በውኃ የወጣ የዕፅዋት ጭማቂ በፖታሲየም የበለጸገ ነው። ገንዳው ውስጥ ፖታሲየም ከ4 ወደ 8 ሚሊሞላር ቢወጣ የእረፍት ቮልቴጁ ይላላል፣ የዜሮኛው ምዕራፍ ፍጥነት ይወድቃል፣ አክሽን ፖቴንሻሉም ያጥራል። ይህ ሲታይ «ተክሉ የሶዲየምና የካልሲየም ቻናል ይዘጋል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የሠራው ግን ተራ ጨው ሊሆን ይችላል። ጭማቂውን ከመስጠታችሁ በፊት በፍሌም ፎቶሜትር ፖታሲየሙን ለኩ፤ ያንኑ ያህል ፖታሲየም ክሎራይድ ብቻውን ሰጥታችሁ አነጻጽሩ። ፒኤቹንም አብራችሁ አረጋግጡ። ለአባቶቻችን መድኃኒት ክብር የሚሰጠው ይህን ያህል ጠንቅቆ የፈተነው ነው።

መስመሩን ማንበብ

ኸርግ ሲዘጋ ሦስተኛው ምዕራፍ ይጎተታል። ኤፒዲ 90 ከኤፒዲ 50 ይልቅ በብዙ ይረዝማል፣ ቅርጹም ወደ ሦስት ማዕዘን ያዘነብላል። መርዘሙ በዝግታ ምት ይብሳል፣ በፈጣን ምት ይቀንሳል። ፖታሲየሙን ከ4 ወደ 2.7 ብታወርዱት ችግሩ ይጎላል፤ መስመሩ ከመመለሱ በፊት ዳግመኛ ብቅ የሚል ጉብታም ሊታይ ይችላል። ተቅማጥና ትውከት ያለበት፣ ፖታሲየሙ የወረደ ታማሚ በእነዚህ መድኃኒቶች ለምን እንደሚጎዳ በዓይናችሁ የምታዩት እዚህ ላይ ነው።

የሶዲየም ቻናል ሲዘጋ የዜሮኛው ምዕራፍ ፍጥነት ይቀንሳል። ይህ ከኸርግ በተቃራኒ በፈጣን ምት ይብሳል፤ ሊዶኬይንና ፍሌካይናይድ እንዲህ ናቸው። የፑርኪንጄ ክር ጠፍጣፋ መሃል ላይ ዘግይቶ በሚገባ ሶዲየም ስለሚደገፍ፣ ሊዶኬይን ኤፒዲውንም ያሳጥራል። ከዚህ የሚመጣ ወጥመድ አለ። ኸርግንም ሶዲየምንም የሚዘጋ መድኃኒት በዚህ ክር ላይ ሁለቱ ውጤቶች ተጣፍተው «ምንም አላደረገም» ሊመስል ይችላል፤ ተርፈናዲን የዚህ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ለውጥ ባጣችሁ ጊዜ በዚያው ልብ የጡንቻ ቁራጭ ላይም ሞክሩ።

የካልሲየም ቻናል ሲዘጋ ጠፍጣፋው መሃል ዝቅ ይላልና ኤፒዲ 50 ያጥራል፤ የሽቅብታው ፍጥነት ግን አይነካም። ቬራፓሚል ኸርግንም ይዘጋል፣ ነገር ግን ካልሲየሙን አብሮ ስለሚዘጋ ቶርሳድን እምብዛም አያመጣም። አንቲሞኒ የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በጊኒ ፒግ የልብ ሴሎች ላይ በተሠራ ጥናት ባለ ሦስት ቫለንስ አንቲሞኒ የካልሲየሙን ፍሰት ጨምሮ አክሽን ፖቴንሻሉን እንደሚያስረዝም ታይቷል። ኸርግን ብቻ የሚፈትሽ ላብራቶሪ ይህን አያገኘውም፤ ሙሉውን አክሽን ፖቴንሻል መለካት የሚክሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ኤፒዲው ካጠረ መድኃኒቱን ከመውቀሳችሁ በፊት የኦክስጅን ሲሊንደሩን እዩ። የታፈነ ሴል ኃይሉ ሲያልቅ የሚከፈቱ የፖታሲየም ቻናሎች ስላሉት አክሽን ፖቴንሻሉ ያጥራል። የነርቭን ግፊት ከልብ ላይ የሚያግደው ፕሮፕራኖሎል ምንም ካላደረገም አትገረሙ፤ ከአካል በወጣ ክር ላይ የነርቭ ግፊት የለም፣ በመጀመሪያ ልብን የሚያነሳሳውን አይሶፕሬናሊን ሰጥታችሁ ፕሮፕራኖሎል ሲያግደው ማየት አለባችሁ።

ከመስመሩ ተነስታችሁ «ይህ መድኃኒት የምት መዛባትን ያድናል» አትበሉ። ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ የልብ ደም ሥር በድንገት ተዘግቶባቸው በተረፉ ታማሚዎች ላይ ትርፍ ምቶችን ቀንሰዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ትልቅ ጥናት ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ይበልጥ እንደሞቱ አሳየ። የለካችሁት የኤሌክትሪክን ለውጥ ነው፤ መጻፍ የሚገባችሁም እሱን ነው።

ቁጥሩ

ከአንድ ልብ ሦስት ክር ብታወጡ፣ ከእያንዳንዱ ክር አራት ሴል ብትለኩ የናሙናው ብዛት 12 አይባልም፤ 1 ነው። የአንድ በግ ክሮች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በስድስት ልብ የተሠራ ጥናት ቁጥሩ 6 ነው፤ የየልቡን ሴሎች አማካይ አውጥታችሁ ልብን ከልብ ጋር አነጻጽሩ። በሠንጠረዡ ላይ ከአማካዩ ጎን የልቡን ብዛት፣ የገንዳውን ሙቀት፣ ፒኤቹን፣ ፖታሲየሙንና የምቱን ፍጥነት ጻፉ። የተጣሉትን ክሮች ብዛትና ምክንያታቸውንም አትደብቁ።

ከሥራ በኋላ

ስብ ወዳድ መድኃኒቶች፣ ይልቁንም አሚዮዳሮን፣ በሲሊኮን ቱቦ ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ። ውኃ ብቻ ማሳለፍ አያወጣቸውም፤ በማግስቱ ቀስ እያሉ ይለቀቁና የመነሻውን ልኬት ያበላሻሉ። ገንዳውን በአልኮል፣ ቀጥሎ በተደጋጋሚ የተጣራ ውኃ እጠቡት። ቱቦውን ግን ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ መድኃኒት ለብቻው መድቡና ስሙን ጽፋችሁ ለጥፉበት። የቀረውን ሥጋ በላብራቶሪው የባዮሎጂ ቆሻሻ ደንብ መሠረት አስወግዱ፤ መድኃኒት የነካው ሥጋ ለውሻም አይሰጥም።